ምራት የማትጠራው ስም

ከሺንሺቾ ዙሪያ ቀበሌዎች የመጡትን ካርዶች ሆሳዕና ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ማንበብ ስጀምር፣ መጀመሪያ የተቀለደብኝ ነበር የመሰለኝ። ስም በሚለው ቦታ ላይ «አማቴ» ይላል። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ «አማቴ»። ቀጥሎ «የባሌ አጎት»። ቀጥሎ «የላይኛው ቤት አባት»። ከዚያ ደግሞ እንደገና «አማቴ»። የደም ግፊቱ ተጽፏል፤ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ማየት መስማታቸው፣ ወድቀው እንደሆነ ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። የማን ካርድ እንደሆነ ብቻ አይታወቅም። «ወይ ጉዴ!» አልኩ ለብቻዬ። ቢሮ ሙሉ አማት ይዤ ቀረሁ።

ነርስ ነኝ። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት መጥቶ እዚሁ ሆሳዕና ቀረ፤ እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ሀዲይሳ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወትና ስጣላ ተማርኩት፤ ከምባቲሳ ግን ግማሽ ግማሹን ነው የምሰማው። ምላሷ ስል ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። የዚያን ጊዜ ሥራዬ በየቀበሌው ያሉ በጎ ፈቃደኛ ሴቶችን የአዛውንቶች የጤና ካርድ አያያዝ ማሠልጠን ነበር። አዛውንቶቻችን ጤና ጣቢያ ሲመጡ ኪኒናቸውን በፌስታል ቋጥረው ይመጣሉ። ይኼ ምንድን ነው ሲባሉ «ነጩ» ይላሉ፤ ያኛውስ ሲባሉ «እሱም ነጭ ነው» ይላሉ። ከየት አገኙት፣ መቼ ጀመሩት፣ ማን አዘዘልዎ ብትሉ መልስ የለም። ስለዚህ በየቤቱ እየዞረች የምትጽፍላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ሥልጠናው ላይ አጥብቄ ያስተማርኩት አንድ ሕግ ነበረኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት አዛውንት ሊኖር ይችላል፣ ካርድ ይለዋወጣል፣ የባል መድኃኒት ለሚስት ይጻፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስም ጥሩ፣ «አቤት» ይበሏችሁ፣ ከዚያ ጻፉ አልኳቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ቀጭን ረጅም ሴት ከኋላ እጇን አወጣች።

«ሲስተር፣ መጥራት ግድ ነው?»

«ታዲያ በፉጨት ልትጠሪያቸው ነው?» አልኳት።

ሳቁ። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ዓይን አፋርነት መስሎኝ አለፍኩት።

ካርዶቹ «አማቴ» «አማቴ» እያሉ ከመጡ በኋላ ነው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገሩን ያስረዳችኝ። ባሊሻ ይሉታል። ያገባች ሴት የባሏን እናትና አባት፣ የባሏን ትልልቅ ዘመዶች ስም በአፏ አትጠራም፤ ነውር ነው። እንዲያውም ስማቸው በሚነሳበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃል እንኳ ካለ እሱን ትታ በሌላ ትለውጠዋለች። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩት ወጣቶቹ «ትተነዋል» ይላሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን አልተውትም። ሴት ደግሞ የምታገባው ከሌላ መንደር መጥታ ነው። በቀበሌው ያለ አዛውንት ሁሉ ለእሷ አማት ወይም የአማት ወገን ነው። እኛ ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹን የመረጥነው ካገቡት ሴቶች! በሳቅ ሞትን። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አገሯ ሌላ ነው፣ ያላገባችም ናት፤ ስሙን ሁሉ እሷ ሞላችው፣ ነገሩም አለቀ። ቢያንስ ያለቀ መስሎን ነበር።

ያቺ እጇን ያወጣችው ሴት ከሁሉም ጎበዟ ሆነች። ካርዶቿን ሳይ ዓይኔ ያርፋል። አማርኛዋ የአገሯ ቃና አለው፣ እኔንም «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ ደስ ይለኛል። የት እንደተማረች ስጠይቃት «እኔን እስክሪብቶ ያስያዙኝ አማቴ ናቸው» አለችኝ።

ባሏ ከሠርጋቸው ብዙም ሳይቆይ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሱቅ ከፈተ፣ ቆርቆሮ ቤት አሠራላቸው፣ በኢሞ ይደውላል፤ ራሱ ግን አልመጣም። እርጉዝ ሆና ነው ጥሏት የሄደው። ምጥ ሲጠናባት አማቷ ቃሬዛውን ከተሸከሙት ወንዶች ጎን እየሮጡ እስከ ጤና ጣቢያ አድርሰዋታል። የተወለደችው ልጅ ጡት ስትተው ደግሞ ምራታቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። ዘመድ አዝማድ «ያገባች ሴት ደብተር ይዛ ልትዞር?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «ልጄ እስኪመጣ ተቀምጣ መንገድ ከምታይ ትማር፤ ልጇን እኔ እይዛለሁ» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። እናቷ በልጅነቷ ነው የሞተችባት። «እናት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው» ትል ነበር።

በሚቀጥለው ሥልጠና ካርዱ ላይ አዲስ ገጽ ተጨመረ፤ ስለ መርሳት በሽታ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ስማቸውን ያውቃሉ? ቤታቸውን ያውቃሉ? የቤቱን ሰዎች ያውቃሉ? እኔም እንደ ልማዴ እጄን እያወናጨፍኩ «የምታዩትን ጻፉ፤ የምትመኙትን አትጻፉብኝ» አልኳቸው። ያቺው ሴት እጇን አወጣች።

«የማያውቁት የቤቱ ሰው እኔው ብሆንስ፣ ሲስተር?»

ምላሴ ስል ነው አላልኩም? ያን ቀን ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ ዘልዬ አለፍኩ። ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ፤ ሁሉም ያውቁ ኖሯል።

ለክትትል ስወርድ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ቤት ነው። ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ደጁ ተጠርጓል። አማቷ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ንጹሕ ቀሚስ፣ ንጹሕ ሻሽ፣ ጥፍራቸው ሳይቀር ተቆርጧል። በደንብ የተያዙ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። በሕጌ መሠረት ካርዱን አወጣሁና በስማቸው ጠራኋቸው።

«አቤት!» አሉ ፊታቸው በርቶ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። በከምባቲሳ ረጅም ነገር ነገሩኝ፤ ዓይናቸው ደጋግሞ ወደ ምራታቸው ይሄዳል።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳት።

«‹ይቺ ሴት ደግ ናት› እያሉ ነው» አለች። «‹ጠዋት ማታ ታበላኛለች። ግን ቤቷ የት ነው? ልጆቿ ይጠብቋታል፤ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ንገሪያት› ነው የሚሉት።»

ድምጿን እንኳ ሳትለውጥ ነው ያስተረጎመችልኝ። የሌላ ሰው ጉዳይ የምታስተረጉም ነበር የምትመስለው።

ካርዱን ገለጥኩት። የደም ግፊት አለ። መድኃኒት አለ። ስማቸውን ያውቃሉ፤ አዎ። ቤታቸውን ያውቃሉ፤ አንዳንዴ። የቤቱን ሰዎች ያውቃሉ የሚለው ባዶ ነው። ያለፈው ወርም ባዶ ነው፤ ከዚያ በፊትም።

«ይኼን ለምንድን ነው የማትሞይው?»

«ነገ ሊያውቁኝ ይችላሉ።»

«የነገውን ነገ ትጽፊያለሽ! ካርዱ የዛሬ ነው።»

«አንቺ ጻፊው» አለችና እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ። «ሲስተር፣ ይህን እጅ መጻፍ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚህ እጅ ‹አያውቁኝም› ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

እስክሪብቶውን አልተቀበልኳትም። ይልቅ ሌላ ነገር መጣልኝና ወደ ጓሮ ወሰድኳት። «ስሚኝማ» አልኳት፤ «በስማቸው ስጠራቸው እንዴት ብለው እንደዞሩ አየሽ? አንቺ ‹እናቴ› ትያቸዋለሽ፤ እሳቸው ልጅ እንዳላቸውም ረስተዋል። አሁን የቀራቸው የልጅነት ስማቸው ነው። አንዴ ጥሪያቸው፤ በሞቴ። እግዜር አይቆጣሽም።»

የእንሰቱን ቅጠል በጣቷ መተርተር ጀመረች።

«ብጠራቸውና ‹አቤት› ቢሉኝ፣» አለች በመጨረሻ፣ «አቤት የሚሉት ማንን ነው? ምራታቸውን አይደለም። እሳቸው ረስተውኛል። ምራትነቴን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። ስማቸውን ከጠራሁ እኔም ረሳሁት ማለት ነው።»

ወደ ሆሳዕና በሚመለሰው ሚኒባስ መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ እንባዬንና አፍንጫዬን ስጠርግ ነበር። አጠገቤ ድንች በጆንያ የያዙ ሰውዬ «ሲስተር፣ ጉንፋን ነው?» ሲሉኝ፣ አዎ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

እንደገና የሄድኩት በገበያ ቀን ነው። ቀደም ባሉት ቀናት ዱራሜ ላይ ሳሠለጥን ስለነበር ድምፄ ፈጽሞ ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ ነበር የማወራው። ሺንሺቾ ገበያው አጠገብ ወርጄ ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ልሻገር ስል እሷን አየኋት። በባዶ እግሯ ትሮጣለች። የደም ግፊት መለኪያው አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጠፉብኝ!» አለች። «የላይኛው ቤት አባትን ልለካ ገብቼ ስወጣ በርጩማው ባዶ ነው። ‹አባቴ ቤት እሄዳለሁ› ሲሉ ነበር የከረሙት።»

የአማቷ የትውልድ አገር በአንጋጫ በኩል ነው። አባታቸው የሞቱት እኔም እሷም ሳንወለድ ይሆናል። ተያይዘን ገበያው ውስጥ ገባን። ሰው በሰው ላይ ነው፤ የቅቤ ተራ፣ የቆጮ ተራ፣ ባጃጁ፣ አህያው። እሷ ከፊት ሰው እየገፋች፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ከኋላ እየተጎተትኩ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ፣ ከመንገዱ ማዶ ያንን ንጹሕ ሻሽ አየሁት። ረዳቱ «ዱራሜ፣ አንጋጫ!» እያለ ይጣራል። እማማ አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ደረጃ ላይ አድርገዋል፤ ውስጥ ካሉት አንዱ በክብር እጃቸውን ይዞ ያሳፍራቸዋል። ማን ይጠርጥር? ንጹሕ ለብሰው ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ እናት ናቸው። ሞተሩ ተነስቷል። በእኛና በእሳቸው መካከል አንድ የጭነት አይሱዙ ቆሞ እህል እያወረደ ነው፤ ዞረን እስክንደርስ ይሄዳሉ።

«እናቴ!» ብላ ጮኸች በቋንቋቸው። «እናቴ!»

የገበያው እናት ሁሉ ዞረ። ቅቤ ሻጯ ዞረች፣ ጎመን ሻጯ ዞረች። እማማ ብቻ አልዞሩም።

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። አንቺ ጥሪልኝ ማለቷ ነው፤ ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ከተነፈሰ ጎማ የሚወጣ ዓይነት ነገር ነው። ጉሮሮዬን ይዤ እንደገና ሞከርኩ፤ ምንም። በእጄ ጥሪ፣ ጥሪ አልኳት። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ነው፤ ሁለተኛው እግራቸው ከመሬት ተነሣ።

ጠራቻቸው። ሙሉ ስማቸውን፣ ከነአባታቸው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ሳንባዋ እስኪቀደድ።

ቅቤ ሻጯ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። አሮጊቷ ደረጃው ላይ እንዳሉ ቀስ ብለው ዞሩ። ማን እንደጠራቸው በዓይናቸው ፈለጉ፤ አገኟት። ከሚኒባሱ ወረዱ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ እየመቱ አይሱዙውን ዞረው መጡና ፊት ለፊቷ ቆሙ። ከምባቲሳ ግማሽ ግማሹን ነው የምሰማው ብያችኋለሁ፤ ይህን ግን አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁት።

«የልጄ ሚስት ሆነሽ!» አሏት። «አንቺ! በገበያ መሃል! በሰው ፊት! እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ? ልጄ ቢሰማ ምን ይላል? ጫማሽስ የት አለ? ልጅሽን ለማን ጥለሽ መጣሽ?»

ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች። «አጥፍቻለሁ፣ እናቴ፤ አጥፍቻለሁ» እያለች ታለቅሳለች፤ ግን ደግሞ ፊቷ ላይ ያ ሁሉ እንባ እየወረደ ትስቃለች። ቀና ብላ እኔን ፈለገችኝ።

«ሲስተር፣ ሰማሽ? ‹የልጄ ሚስት› አሉኝ! ሰማሽ?»

አንገቴን ነቅንቄ ሰማሁ አልኳት።

ቤት እስክንደርስ ሲቆጧት ሄዱ። የአጥሩን ነገር፣ የጥጃዋን ነገር፣ የልጅቷን ትምህርት፣ ወደ ቤት ሳይመጣ የቀረውን የልጃቸውን ነገር ሁሉ አነሱባት። ባሏን በስሙ ጠሩት፣ የልጅ ልጃቸውንም በስሟ ጠሩ። እሷ አንገቷን ደፍታ «እሺ እናቴ፣ እሺ እናቴ» ትላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት የተሰደበ ሰው አላየሁም። ቤት ሲደርሱ ደከማቸውና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ ውኃ ስትሰጣቸው ጠጡና ቀና ብለው አዩዋት። «ደግ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አሏት፤ «ቤትሽ የት ነው?»

ያን ቀን ካርዱን ራሷ አወጣች። የቤቱን ሰዎች ያውቃሉ በሚለው ላይ «አዎ» ብላ ጻፈች። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። በቀጣዩ ወር ሳልጠይቃት «አያውቁም» ብላ ሞላችው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ቦታ ትታ አታውቅም።

እንደገና እንድትጠራቸው አልለመንኳትም ብል ውሸት ነው። «ሠርቷል እኮ፤ አንዴ ደግሞ ሞክሪ» ብያታለሁ። «ብጠራቸውና እንዳንቺ ‹አቤት› ብቻ ቢሉኝስ?» አለችኝ። «ያቺን አንዷን ቀን ያበላሽብኛል።»

እማማ በክረምቱ መሃል በሳንባ ምች ሞቱ። ለቅሶው ላይ ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል፤ ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ በኢሞ ስልክ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል፤ ስልኩን ከሰው ሰው ይቀባበሉታል። አልቃሾቹ ሴቶች ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ጎሳቸውን እየጠሩ አለቀሱላቸው። ምራታቸው መሃላቸው ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች «እናቴ» ብቻ ትላለች። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ «በገበያ መሃል ስማቸውን የጠራቻቸው እሷ ናት» አለችኝ፤ በወቀሳ ይሁን በሐዘኔታ አልገባኝም። ቀና ብዬ ገላመጥኳት።

አዛውንት ሲሞት ካርዱ ወደ እኛ ይመለሳል፤ ይዘጋል። ምራትየዋ በሌላ ሰው መላክ ትችል ነበር፤ ራሷ ሆሳዕና ድረስ ይዛው መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች። ጭቃ የነካውን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ስም አንብቤ ነው የምዘጋው፤ አነበብኩ። ቀኑን ጻፍኩ። እሷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ታያለች፤ ውጭ ባጃጆቹ ይንጫጫሉ።

ለቅሶው ከልቡ ያልወጣለትን ሰው ሳይ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። «ስሚኝ፣ የኔ እናት» አልኳት። «አሁንማ ሄደዋል። ሰው ሁሉ በስማቸው ጠርቶ አልቅሶላቸዋል። አንቺም እዚህ ማንም አይሰማሽም፤ አንዴ ስማቸውን ጠርተሽ አልቅሺና ይውጣልሽ።»

ከመስኮቱ ዞራ አየችኝ።

«አሁን ብጠራቸው፣ ሲስተር፣» አለች፣ «ማን ይቆጣኛል?»